ጉዳዬ አንገትዎ ነው

ዓይን የማያየውን ነገር አጥብቃ የምትፈራ አክስት የሌለችው ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። አንዱ ቤት ያለችው አክስት ብርድ ትፈራለች፤ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን መስኮት ከፍተህ ካገኘችህ ቀብርህ ይታያታል። ሌላው ቤት ያለችው ጀርም ትፈራለች፤ በር የምትከፍተው በክርኗ ነው። የባለታክሲው አክስት ግን ከእነዚህ ሁሉ በማዕረግ የላቁ ነበሩ። እሳቸው የሚፈሩት ጨረር ነው።

ቤተሰቡ «እትዬ ጨረር» ይላቸዋል፤ በሌሉበት ማለት ነው። በፊታቸው እንዲህ የሚል ጀግና እስካሁን አልተወለደም። ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው። ምድር ቤቱ ሱቃቸው፣ ፎቁ መኖሪያቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮሌታ ሲቆርጡ ስለኖሩ ሰው ሲያገኙ ከፊቱ በፊት አንገቱን ያያሉ። ባለታክሲው የእህታቸው ልጅ ነው፤ እናቱ ቀድማ ስለሞተችበት በእነዚያ ጠባብ ክፍሎች፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭና ከስፒል መሐል ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በእሳቸው መሳቅም፣ በእሳቸው ማፈርም ሙሉ መብቱ ነበር። በሁለቱም በደንብ ተጠቅሟል።

እሱና ሚስቱ አንድ ጊዜ ማይክሮዌቭ ገዝተው አመጡላቸው። እትዬ ጨረር አመሰገኑ፣ መረቁ፣ ከዚያ ገመዱን በትልቁ መቀስ ቆርጠው ጣሉና ክር አስቀመጡበት። «በሩ ግጥም ይላል፤ አቧራ የሚባል አያስገባም» ይላሉ ለጎረቤት ሲያሳዩ። «ኤሌክትሪክ ካልነካው እንዴት ያለ ግሩም ሳጥን መሰላችሁ!» ሱቃቸው የገባ ሰው ሁሉ ስልኩን በር ላይ ባለችው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። ቆርቆሮዋ ክዳኗን እንደገጠመች ቀኑን ሙሉ ስትንጫጫ ትውላለች። ቴሌቪዥን የሚያዩት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወንበር አድርገው በተከፈተ በር በኩል ስለሆነ፣ ዜና አንባቢውን ከሳሙና ማስታወቂያው የሚለዩት በድምፁ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከአንገቱ ጉዳይ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው።

«ቀና በል» ይላሉ። አንተ ሰላምታ መስሎህ ቀና ትላለህ። በዚያች ቅጽበት ከመርፌ ጋር የኖሩት ጣቶች ማንቁርትህ ሥር ደርሰዋል። «ዋጥ» ይላሉ። ምራቅህን ትውጣለህ፤ ምን ምርጫ አለህ? ጣቶቹ ግራ ቀኙን ይዳስሳሉ፣ ያዳምጣሉ ማለት ይቀላል፣ ከዚያ «ደህና ነህ፣ ሂድ» ተብለህ ትሰናበታለህ። ፖስተኛው እንዲህ ሆኗል። ቆጣሪ አንባቢው እንዲህ ሆኗል። አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ሁሉ ዕጣዋ ይኸው ነው። አንዴ ባለታክሲው መብራት ጥሶ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመውና መንጃ ፈቃድ ሲጠይቀው፣ ከኋላ ወንበር እጃቸውን በመስኮት አውጥተው «ቀና በል፣ የኔ ልጅ» አሉት። ፖሊሱ ቀና አለ። ዋጥ አለ። «ደህና ነህ፣ ሂድ» ብለው አሰናበቱት፤ እሱም ሄደ። ምን ሊያደርግ አስቁሟቸው እንደነበር ትዝ ያለው ማዶ ከተሻገረ በኋላ ነው።

ባለታክሲው ያሁኗን ሚስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋወቃቸው ቀን ደግሞ ገና ስሟን ሳትናገር አንገቷን ያዙት። ልጅቷ የቤተሰቡ ደንብ መስሏት በጨዋነት ምራቋን ዋጠች። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን፣

«ከሠርጉ በፊት ሌላ የምውጠው ነገር አለ?» አለችው።

እትዬ ጨረር ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። ባለታክሲው ልጅ ሳለ እሳቸው ሬዲዮኑን ጆሯቸው ሥር አድርገው የሚሰፉ፣ ራጅም ሆነ ጨረር ጉዳያቸው ያልሆነ ሴት ነበሩ። ነገሩ የጀመራቸው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው። ለምን እንደጀመራቸው ማንም አልጠየቀም፤ ቤተሰብ እንደሚያደርገው ዕድሜ ነው ብሎ ዘጋው።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ታክሲው ውስጥ ገቡና ከኋላ ተደላድለው ተቀመጡ።

«ንዳ።»

«ወዴት?»

«ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮት ጋ።»

ባለታክሲው የከተማውን መንገድ እንደ መዳፉ አውቃለሁ የሚል ሰው ነው። እንዲህ የሚባል ሰፈር ግን ሰምቶ አያውቅም። ዞር ብሎ አያቸው። የደህና ቀን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የሚቀልዱ አይመስሉም።

«አክስቴ፣ ይሄ መንገድ የትኛው ክፍለ ከተማ ነው ያለው?»

«መንገድ ማን አለ? ሰው ነች። ስንት ዓመት ሳፈላልጋት፣ አሁን ዳቦ ቤት አላት አሉኝ፤ ከእህል ገበያው ጀርባ። ንዳ እነግርሃለሁ።»

ነዳ። እሳቸውም ነገሩት።

ልጅ ሳሉ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበሩ። አንድ ዓመት ቆረቆር ገባ። ከአንዷ ትራስ ወደ ሌላዋ ትራስ፣ ከአንዷ ማበጠሪያ ወደ ሌላዋ እየዘለለ የክፍሉን ልጆች ራስ ሁሉ ጨረሰው። ቅባቱም እጥበቱም አልበገረውም። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለው የራስ በሽታ ጨረር ይሰጥ ነበር፤ አዲስና ፈጣን ሕክምና ነው ተብሎ የሚመሰገን እንጂ ማንም በክፋት ያደረገው አልነበረም። ልጆቹን በአውቶቡስ ጭነው ወሰዷቸው። በተራ በተራ ከእንጨት ወንበር ላይ እያስቀመጡ «እንዳትነቃነቁ» አሏቸው። ከራሳቸው በላይ ያለው ማሽን ማጉረምረም ጀመረ። የሚያቃጥል ነገር የለም፣ የሚያሳክክ የለም፣ የሚታይ የለም። ሲጨርሱ ነርሷ ከረሜላ ሰጠቻቸው።

«እኔ ዓይኔን እንኳን አላርገበገብሁም» አሉ እትዬ ጨረር፣ ያ ኩራት አሁንም ከድምፃቸው ሳይጠፋ። «ከኔ ኋላ ያለችው እያለቀሰች ነበር። እኔ ግን ልክ እንደ ሐውልት። ከዚያ ፀጉራችን ረገፈ። በጭብጥ በጭብጥ እያነሳን እርስ በርስ እንወራወር ነበር፤ ሳቅ ብቻ! ሁላችንም ሻሽ አሰርን። ቆረቆሩ ጠፋ፣ ፀጉራችን በቀለ፣ ነገሩም ተረሳ።»

የተረሳው ነገር ተመልሶ የመጣው በሱቃቸው በር ነው። በትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ አብራቸው ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛቸው ለልጇ ሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ወገቧን ለኩ፣ ትከሻዋን ለኩ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ አዞሩ። ጓደኛቸው አንድ የድሮ ቀልድ አስታወሰችና ስቃ ምራቋን ዋጠች። ከሜትሩ ሥር አንድ ነገር ሽቅብ ወጥቶ ወረደ።

«እንደ ቁልፍ» አሉ እትዬ ጨረር። «ጨርቅ ውስጥ እንደተሰፋ ቁልፍ።»

ሐኪም ዘንድ ሂጂ አሏት፤ ሄደች። የታይሮይድ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ የጠየቀቻት አንድ ጥያቄ ነበር፤ በልጅነትሽ ራስሽ ወይም አንገትሽ አካባቢ ጨረር ተደርጎልሽ ያውቃል? ጓደኛቸው በሽታውን በጊዜው አስወጥታ ደህና ሆነች፤ ቀሚሱንም ለሠርጉ ለበሰችው። ጥያቄውን ግን ይዛ ወደ ሱቁ ተመለሰችና ሁለቱ ሴቶች በተከመረ ጨርቅ ላይ ትይዩ ተቀምጠው ተያዩ።

«ሁላችንም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠናል» አሉ እትዬ ጨረር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁላችንም ከረሜላውን በልተናል። እሷ የምታውቀው እኔን ብቻ ነው። እኔ ግን ማን የት ትቀመጥ እንደነበር አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ታዲያ ማን ይንገራቸው?»

ባለታክሲው በመስታወቱ አያቸው። ማይክሮዌቩን፣ የብስኩት ቆርቆሮዋን፣ ኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ወንበር አሰበ። እኚህ ሴት አንዴ በማያዩት ነገር ተነክተው ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የማያዩትን ነገር ሁሉ ጠርጥረው ነው። የሳቀባቸው ጊዜ ሁሉ ቆጠቆጠው።

«አንቺስ ታየሽ?» አላቸው።

«ቀኝ ታጠፍ» አሉት።

ዳቦ ቤቷ ውስጥ ባለቤቷ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆና ቆማለች። እትዬ ጨረር ሰልፉን ሁሉ አልፈው ባንኮኒው ኋላ ገቡ።

«ምን ላምጣልዎት?»

«አንገትሽን።»

ባለዳቦዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ዓይኗም የዳቦ ማንሻውን ፈለገ። እትዬ ጨረር ግን ቀስ ብለው፣ «ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮት ጋ» አሏት። «ነጭ ሻሽ። ጫፉን በካውያ ያቃጠልሽው።»

የባለዳቦዋ እጅ ሳታዝዘው ተነስቶ ራሷ ላይ፣ ያኔ ሻሹ ይታሰርበት የነበረው ቦታ ላይ ዱቄት አሳረፈ። በዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ሰልፈኛው ዳቦውን ረስቶ አንዲት ሴት የሌላዋን አንገት ስትዳስስ ቆሞ አየ።

ባለዳቦዋ ተመረመረች። ትንሽ ነገር ተገኘባት፤ ክፉ አይደለም፣ በየጊዜው እየታየ የሚቀመጥ ነው ተባለች። እትዬ ጨረር ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ታክሲው ውስጥ ገብተው «ሦስተኛው ረድፍ፣ ሰሌዳው ጋ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ክፍሉ በሙሉ እንደገና ይሰበሰብ ጀመር። አንዷ ጡረታ የወጣች የባቡር ትኬት ሻጭ ነበረች፤ በመስኮቷ ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው ዳሰሷት ቢባል ማንም ያምናል፤ እንደ እድል ሆኖ ያገኟት በአትክልቷ መሐል ነው። አንዷ ባሏን «ሐኪም ናቸው» ብላ ዋሸችው፤ ባልየውም እግረ መንገዱን ስለ ወገቡ አማከራቸው። አብዛኞቹ ምንም አልተገኘባቸውም። እትዬ ጨረር «ደህና ነሽ» የሚለውን ቃል በሰሙ ቁጥር ራሳቸው ከሞት የተረፉ ያህል ፊታቸው ይበራል። ባለታክሲው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። በየቀኑ ሰው የሚጭን ሰው ነው፤ ከተማው ሁሉ ወደ ራሱ ጉዳይ ሲሮጥ ነው የሚያየው። እኚህ አሮጊት ግን የገዛ ሥራቸውን ቆልፈው፣ ከልጅነት ጀምሮ ያላዩዋቸውን ሴቶች አንገት ፍለጋ ይዞራሉ። ለምን እንደሆነ ባይገባውም ሲነዳ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ጀመረ።

አንድ በር ግን ዘግይተው አንኳኩ። የከፈተው ወንድሟ ነበር። እህቱን ፈልገው እንደመጡ ሲነግሩት፣

«አረፈች እኮ» አለ። «ዓመታት ሆኗታል። አንገቷ ላይ ነበር። መጀመሪያ እንቅርት ነው ብለን ተውነው…»

የሰውየው ሸሚዝ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። እትዬ ጨረር ቦርሳቸውን ከፍተው መርፌና ክር አወጡና፣ እዚያው በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ሰውየውም እንደቆመ፣ ቁልፉን ሰፉለት። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ሰውየው ዕንባው እየወረደ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ወደ ታክሲው ሲመለሱ ወዴት እንደሚነዳ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። ዝም ብሎ ነዳ።

የመጨረሻዋ ዳኛ ነበረች።

ዳኛ ማለት እውነተኛ ዳኛ፤ ካባ ያላት፣ ሰው ሲያያት የሚነሳላት። ቢሮዋ ቀጠሮ ጠየቁ፤ ሥራ በዝቶባታል ተባሉ። ደብዳቤ ተዉ ተባሉ። እትዬ ጨረር ደብዳቤ አንገት አይዳስስም አሉና በግልጽ ችሎት ቀን ገብተው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባለታክሲው አጠገባቸው ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በደስታ ይገባ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ የወሰን ክርክር ሰሙ። ችሎቱ ሊነሳ ሲል ዳኛዋ ከመነጽሯ በላይ አየቻቸውና፣

«እርስዎ የየትኛው መዝገብ ባለጉዳይ ነዎት?» አለቻቸው።

እትዬ ጨረር ብድግ አሉ። «የተከበሩ ዳኛ፣ ጉዳዬ አንገትዎ ነው።»

ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች። የበሩ ፖሊስ ወደፊት ተራመደ። ባለታክሲው ግንባሩን በመዳፉ ሸፈነ።

«ከበሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ረድፍ» ቀጠሉ እትዬ ጨረር። «ማሽኑ ጋ ከኔ ኋላ ተሰልፋ ስታለቅስ የነበረች።»

ዳኛዋ እጇን አነሳች፤ ፖሊሱ ቆመ። ከዚያ ችሎቱ ተነስቷል ብላ ሁለቱን ወደ ቢሮዋ አስገባቻቸው። በሩ ሲዘጋ ካባዋን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችና «አንቺ! አሁንም ሰው ፊት ታሳጪኛለሽ?» ብላ ሳመቻቸው። ነገሩን ሁሉ ሰማች። ሰምታ ስትጨርስ ግን ዳኝነቷ ተመለሰባት።

«ስንቶቻችንን አየሽ?»

«ካንቺ በቀር ሁሉንም።»

«ሁሉንም?»

«አዎ።»

«አንቺም ያንን ወንበር ተቀምጠሻል። ሐኪም አይቶሻል?»

እትዬ ጨረር የመጋረጃውን ስፌት ማየት ጀመሩ። «ይሄን ማን ነው የሰፋው? ጠርዙ ተሸብሽቧል።»

«ጥያቄውን መልሺ።»

«ሥራ… እናንተን ስፈልግ…»

«አዎ ወይስ አይደለም?»

ባለታክሲው አክስቱን አያቸው። እጃቸው ወደ ገዛ ኮሌታቸው ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመና ተመልሶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። ያኔ ገባው። ፖሊስን ያልፈሩ፣ ችሎት ያልፈሩ፣ የከተማውን አንገት ሁሉ የዳሰሱ እኚህ ሴት፣ የራሳቸውን አንገት በጣታቸው ነክተው አያውቁም። ፈርተው ነው።

«እንግዲያው ውሳኔዬን ስሚ» አለች ዳኛዋ። «እኔ የምመረመረው አንቺ መጀመሪያ ስትመረመሪ ነው። መኪና አለ?»

«አለ!» አለ ባለታክሲው፣ ሳይጠየቅ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ታጋሽና ቁጥብ። አልትራሳውንዱን አንገታቸው ላይ እያንሸራተተች ሳለ እትዬ ጨረር ፍርሃታቸውን በጥያቄ ሸፈኑት። ስለ ስልክ ጠየቁ፣ ስለ ቴሌቪዥን ጠየቁ። ሐኪሟ የእነዚህ ጨረር በልጅነታቸው ከተሰጣቸው ጋር አንድ እንዳልሆነ፣ ያኛው ሰውነትን ዘልቆ ገብቶ የሚጎዳ ዓይነት እንደነበር፣ የልጅ ታይሮይድ ደግሞ ለእሱ በጣም ስስ እንደሆነ አስረዳቻቸው። «ጨረሩ የነካው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይታመምም። ግን ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መታየት ጥሩ ነው።»

«ማይክሮዌቭስ?»

«ማይክሮዌቭ ምግብ ያሞቃል፣ እማማ። እንኳን አንገትዎን፣ በሩ ከተከፈተ ሾርባውንም አያሞቅም።»

«ታዲያ ክሮቼን የት ላድርጋቸው?» አሉ እትዬ ጨረር። ሐኪሟ አልገባትም። መሣሪያውን ግን አንድ ቦታ ላይ አቁማ ነበር።

የዳኛዋ አንገት ንጹሕ ሆነ። የእትዬ ጨረር አልሆነም። ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሦስቱንም አስቀምጣ ካንሰር እንደሆነ በግልጽ ነገረቻቸው። ያ ማሽን ነው ያመጣው ብላ መማል እንደማትችል፣ ቢሆንም ሳይሆን እንደማይቀር ነገረቻቸው። ዳኛዋ፣

«ይግባኝ የለውም?» አለች።

«አለው እንጂ» አለች ሐኪሟ። «ቀዶ ሕክምና ይባላል። የሚረታውም ብዙ ጊዜ ታማሚው ነው።»

ቀዶ ሕክምናው መልካም ሆነ። ድምፃቸው ግን ለጊዜው ሻክሮ፣ ትእዛዛቸው ሁሉ ምስጢር መሰለ። ነገሩ ያበቃ መስሏቸው ሳለ ሐኪሟ ሌላ ነገር አመጣች፤ የቀረ ነገር ካለ የሚያጸዳ አዮዲን መውሰድ አለባቸው። ታይሮይድ አዮዲን ባገኘበት ይስበዋል። ይህ አዮዲን ግን ጨረር ያለው ነው።

ባለታክሲው አክስቱን ማየት ፈራ።

«ጨረር» አሉ እትዬ ጨረር በሻከረው ድምፃቸው። «ልዋጠው ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ እማማ። ለተወሰኑ ቀናት ጨረሩ ከእርስዎ ይወጣል። ስለዚህ ብቻዎን ይቆያሉ።»

ከዚያ እትዬ ጨረር ቀና አሉ። «ያኔ ሳልጠየቅ ነው የተቀመጥሁት» አሉ። «አሁን ጠይቀሽኛል። እሺ።»

ክፍሉ በሆስፒታሉ ጫፍ ነበር። ባለሙያው በሩን እያሳየው «እርሳስ ነው» ሲለው ባለታክሲው ጨረር የሚከለክለው ብረት ሳይሆን የሚጻፍበት እርሳስ ታየውና በዚያ ቀን ውስጥ የሳቀው ሳቅ ያ ብቻ ሆነ። ባለሙያው ኪኒኗን ያመጣት ክብደት ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ጓንት አድርጎ፣ በመቆንጠጫ ይዞ ነው። እትዬ ጨረር መቆንጠጫውን አዩ፣ ጓንቱን አዩ፣ ሰውየውን አዩ።

«አንተ በጓንት እንኳን የማትነካውን እኔ በሆዴ ልይዘው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቀና በል እስቲ» አሉት። ባለሙያው ግራ ገብቶት ቀና አለ። አንገቱን አዩት፤ በዓይናቸው ብቻ። «ደህና ነህ። አምጣት።» ኪኒኗን ዋጡ፤ ዓይናቸውን እንኳን አላርገበገቡም። በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ባለታክሲው ኮሪደሩ ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ወዲህ ቆሞ ባለሙያው ጨረር መለኪያውን ይዞ ሲጠጋ አየ። መለኪያው መጀመሪያ አልፎ አልፎ ጠብ ጠብ አለ። በሩ ሲከፈት ግን በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሆነ። ባለታክሲው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይሄ ሁሉ… ከእሷ ነው?»

«ከእሳቸው ነው።»

ከበሩ ማዶ፣ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ የሆስፒታሉን ፒጃማ ኮሌታ በራሳቸው እጅ አስተካክለውታል። ፊታቸው ሰላም ነው። እነዚህን ዓመታት ሁሉ የማይታየውን ነገር ሲሸሹ የኖሩ ሴት አሁን ምንጩ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ግድግዳው፣ በሩ፣ ሰው ሁሉ ለእሳቸው ርቀት ይሰጣል። ባለታክሲው በሕይወቱ ንጉሥ አይቶ አያውቅም። ቢያይ ግን እንደዚህ እንደሚሆን ተሰማው።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ዳኛዋ፣ ባለዳቦዋ፣ ትኬት ሻጯ፣ የዴስክ ጓደኛቸው፣ ሌሎቹም ኮሪደሩን ሞሉት። ነርሷ «መስመሩን አትለፉ!» ስትል ተደረደሩ። ባለታክሲው መጀመሪያ ልብ አላለም። ቆይቶ ግን አየው፤ የዴስክ ጓደኛቸው ከፊት፣ ባለዳቦዋ መስኮቱ ጋ፣ ዳኛዋ ከመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ። ሳይነጋገሩ እንደ ክፍላቸው ነው የቆሙት። አንድ ቦታ ባዶ ትተዋል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ብቅ አለ፤ የሞተችው ልጅ ወንድም ነው። ሴቶቹ ተያዩና እዚያ ባዶ ቦታ ላይ እንዲቆም መንገድ ከፈቱለት።

እትዬ ጨረር በበሩ መስታወት በኩል አዩዋቸው። ድምፃቸው አይሰማም። ከንፈራቸው ግን ከረድፍ ረድፍ እየሄደ እያንዳንዷን በየስሟ ሲጠራ ባለታክሲው አየ። ሴቶቹ ስማቸው ሲደርስ፣ እንደ ተማሪ፣ እጃቸውን አወጡ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሐኪሟ ለጥቂት ቀናት ከሰው ራቅ ብለው እንዲቆዩ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንዳይቀርባቸው አዘዘች። የባለታክሲው ሚስት ደግሞ እርጉዝ ነበረች። ስለዚህ እሱም ከሩቅ ሆኖ እንዲጠይቃቸው ተነገረው። ከእጃቸው ለማምለጥ ስንት ጊዜ ታክሲውን ከሱቁ አሳልፎ ያቆመ ሰው ነበር። አሁን ግን መሐል ከተማ የሚጠብቁትን ሰዎች ትቶ፣ ምሳውን ይዞ፣ ከሱቁ ማዶ ያቆማል። እሳቸው ፎቅ ላይ መስኮት ጋ ይሰፋሉ፤ እሱ መሪው ላይ ተደግፎ ይበላል። ደንበኛ መስኮቱን ሲያንኳኳበት «ሰው ይዣለሁ» ይላል። የኋላ ወንበሩ ባዶ ነው።

የተባለው ጊዜ አለፈ። ሐኪሟም ይበቃል አለች። ባለታክሲው ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። መተቃቀፍ የለመዱ ሰዎች አይደሉም፤ አንድም ቀን አድርገውት አያውቁም። እትዬ ጨረር የሕፃን ሸሚዝ እየቆረጡ ነበር። አዩት፤ መቀሱን አስቀመጡ፣ አግዳሚው ላይ የተከመረውን ጨርቅ ወደ ጥግ ገፋ አደረጉ። እሱ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ትከሻው ከትከሻቸው ጋር ገጠመ።

እንዲሁ ቆዩ። ታች መንገዱ ላይ መኪናዎች ጡሩምባ ያስጮኻሉ።

«ሥራ የለህም እንዴ?» አሉት በኋላ፣ ገና በሻከረው ድምፃቸው።

«አለኝ» አለ። አልተነሳም።